የተረጋገጡ ራኖች ዝርዝር ለምን አስፈለገ? ዳታ የሚጣለውስ በማን ውሳኔ ነው?

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ሁለተኛ ዲግሪዬን በፊዚክስ እየተማርኩ ነው። ሰርን ለሕዝብ ከለቀቀው የሲኤምኤስ ዳታ የ2012ቱን አውርጄ፣ ሁለት ሙዮን ያለባቸውን ክስተቶች እየመረጥኩ የግዝፈት ግራፍ እሠራለሁ። ከዳታው ጋር የተረጋገጡ ራኖች የሚል ዝርዝር ፋይል አለ። ከዝርዝሩ ውጪ ያለውን አትጠቀሙ ይላል። እኔ ግን ዝርዝሩን ሳልጠቀምም የዜድ ቦዞን ጫፍ 91 ላይ ጥርት ብሎ ይታየኛል። ታዲያ ደህና ዳታ ለምን እጥላለሁ? ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለውንስ ማን፣ በምን ያውቃል?»

እህቴ፣ ጥያቄሽ በጣም ደስ ብሎኛል። ብዙ ተማሪ ያንን ፋይል ኮዱ ውስጥ ያስገባና ምን እንደሆነ ሳያይ ያልፋል። ለሌላው አንባቢ፦ ሲኤምኤስ በሰርን የቅንጣት ምርምር ማዕከል ፕሮቶኖች ሲጋጩ የሚፈጠረውን የሚመዘግብ ግዙፍ መሣሪያ፣ ማለትም ዲቴክተር ነው። ክስተት የአንድ ግጭት መዝገብ ነው። ሙዮን የኤሌክትሮን ከባድ ዘመድ ነው፤ ዜድ ቦዞን ደግሞ ወደ ሁለት ሙዮን ሊፈርስ የሚችል ቅንጣት ነው። እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቀጥታ መልሱን ላስቀድም፦ ፋይሉን ተጠቀሚበት። የዜድ ጫፍ ጥርት ብሎ መታየቱ ዳታው ደህና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ሙዮን ከሚለካበት ክፍል አንድ አስረኛው ቢጠፋ እንኳ የተረፉት ሙዮኖች የዜድ ግዝፈት በሆነው 91 ጊጋ ኤሌክትሮንቮልት አካባቢ ይከመራሉ። የጫፉ ቁመት ይቀንሳል እንጂ ቦታው ብዙም አይነቃነቅም። ዓላማሽ ዜድ መኖሩን በዓይንሽ ማየት ብቻ ከሆነ ያለ ዝርዝሩም ይሳካልሻል። ስንት ዜድ ተፈጠረ ብለሽ መቁጠር ስትጀምሪ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከጫፉ ርቀሽ፣ ጥቂት ክስተቶች ብቻ ወዳሉበት የግራፉ ጭራ ስትሄጂም እንደዚያው።

መጀመሪያ ፋይሉን ክፈቺና እዪው። ተራ ጽሑፍ ነው። በአንድ በኩል የራን ቁጥር አለ። ራን ማለት ዲቴክተሩ ያለ መቋረጥ ዳታ የሰበሰበበት ጊዜ ነው። ደቂቃዎች ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ሰዓትም ሊሆን ይችላል። ከራኑ ቁጥር ቀጥሎ ጥንድ ጥንድ ቁጥሮች ታያለሽ፤ ከዚህ እስከዚህ ማለት ነው። እነዚህ ሉሚሴክሽን የሚባሉት ቁርጥራጭ ጊዜያት ናቸው። ፕሮቶኖቹ 27 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ቀለበት በሰከንድ ከ11 ሺህ ጊዜ በላይ ይዞሩታል። ሲኤምኤስ 262,144 ዙር ቆጥሮ አንድ ሉሚሴክሽን ይላል፤ ይህም 23 ሰከንድ ገደማ ነው። የሲኤምኤስ ዳታ የሚጸድቀውም የሚጣለውም በዚህ መስፈሪያ ነው። በዚህ ዝርዝር ውስጥ አንድን ክስተት ለብቻው ነጥሎ ጥሩ ወይም መጥፎ የሚል ሰው የለም። የሚፈረደው በ23 ሰከንዱ ላይ ነው።

ብዙ ራኖች ከሉሚሴክሽን 1 እንደማይጀምሩም ታስተውያለሽ። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ብልሽት አይደለም። ጨረሩ ሙሉ በሙሉ ሳይረጋጋ የመሀሉ የሲሊከን ክፍል ከፍተኛ ቮልቴጅ አይሰጠውም፤ ጨረሩ ቢስት ጉዳት እንዳይደርስበት ነው። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ «ጨረሩ ተረጋግቷል» የሚል መልእክት ሲደርሰው ቮልቴጁ ቀስ እያለ ይወጣል። በዚያ መሀል ሌላው የዲቴክተሩ ክፍል ዳታ እየሰበሰበ ሊሆን ይችላል። የቅንጣቶች መንገድ የሚከተለው ክፍል ግን ገና አልነቃም። እነዚያ ደቂቃዎች ከዝርዝሩ ውጪ ይሆናሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ። በምን ያውቃሉ?

በ2012 ሲኤምኤስ ከመሀል ጀምሮ 66 ሚሊዮን የሲሊከን ፒክስሎች ነበሩት። ከነሱ ውጪ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የሲሊከን ስትሪፖች፣ ከዚያ ደግሞ የኤሌክትሮንና የፎቶን ኢነርጂ የሚለኩ 75,848 የሊድ ተንግስቴት ክሪስታሎች አሉ። ከነሱ ቀጥሎ ሌላ ካሎሪሜትር (ኢነርጂ መለኪያ)፣ ከዚያ 3.8 ቴስላ ማግኔት፣ ከውጪ የሙዮን ክፍሎች። ጠቅላላው 14 ሺህ ቶን ይመዝናል። የሚገኘው ፈረንሳይ ውስጥ፣ ሴሲ በምትባል መንደር ሥር 100 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ ላይ ሁሉም ነገር የሚሠራበት ቀን አይኖርም። ሁልጊዜ የሞተ ቻናል (ምልክት የሚያወጣ አንድ ነጠላ መስመር) አለ፣ ሁልጊዜ የሚረብሽ ቻናል አለ። ስለዚህ የሚጠየቀው «ሁሉም ደህና ነው ወይ?» ተብሎ አይደለም። የሚጠየቀው «ዲቴክተሩ ዛሬ እኛ እንደምናውቀው ነው ወይ?» ተብሎ ነው። የሞተ ቻናል መኖሩ ከታወቀ በሲሙሌሽኑ (በኮምፒውተር በተሠራው የዲቴክተሩ አምሳያ) ውስጥም ይገደላል፣ ሒሳቡ ይስተካከላል። አደገኛው ማንም ሳያውቀው የተለወጠው ነገር ነው። ስለ ዳታ ጥራት አንድ ነገር ብቻ ያዢ ብትይኝ ይህንን እነግርሻለሁ።

ቁጥጥሩ ሁለት ጊዜ ይካሄዳል። አንደኛው በቀጥታ፣ ግጭቱ እየተካሄደ ነው። ትሪገሩ (የሚመዘገቡትን ክስተቶች በቅጽበት የሚለየው ሥርዓት) ከመረጣቸው ክስተቶች ጥቂቶቹ ወደ ቁጥጥር ኮምፒውተሮች ይላካሉና በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሂስቶግራሞች (ስንት ጊዜ ምን እንደተለካ የሚያሳዩ ግራፎች) ይሞላሉ። ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ከማመሳከሪያ ሂስቶግራም ጋር ያስተያያል። አማካዩ ሸሽቷል ወይ? ቅርጹ በኮልሞጎሮቭ-ስሚርኖቭ ፈተና ሲለካ ይመሳሰላል ወይ? ባዶ የሆነ ቦታ አለ ወይ? ፈተናውን የወደቀ ነገር ቀይ ሆኖ ይመጣል። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ በፈረቃ የሚቀመጥ ተረኛ ደግሞ የተመረጡትን ግራፎች በዓይኑ ይከታተላል።

ተረኛው ብዙ ጊዜ የሚያየው ካርታ ነው። ዲቴክተሩ ተዘርግቶ፣ ስንት ምልክት ከየት እንደመጣ በቀለም ይታያል። ነጭ ሆኖ የቀረ አራት ማዕዘን ካለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ዝም ብሏል ማለት ነው። አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ቀለሙ ከነደደ ግጭት በሌለበት የሚጮህ ቻናል አለ። የጠፋው ቦታ ቅርጽ ራሱ ይናገራል። ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ከአንድ ገመድ ወይም ከአንድ የኃይል ምንጭ ድርሻ ጋር ልክ የሚገጥም ከሆነ ባለሙያው የት እንደሚሄድ ወዲያው ያውቃል። የዚህ የመጀመሪያ ቁጥጥር ዓላማ ኪሳራን ማሳጠር ነው። የጠፋው ቦርድ በደቂቃዎች ውስጥ ከተነሣ ጥቂት ሉሚሴክሽን ብቻ ይጣላል። ሳይታይ ከነጋ ሌሊቱን የተሰበሰበው በሙሉ ይሄዳል።

ማመሳከሪያ ያልኩት ነገር ራሱ ጣጣ አለው። የጨረሩ ጥንካሬ ከሰዓት ሰዓት ይቀንሳል። አንድ ጊዜ የፕሮቶን ጥቅሎቹ ሲተላለፉ የሚፈጠረው ግጭት ብዛትም አብሮ ይለወጣል። ትናንት የጸደቀ ሂስቶግራም ዛሬ ላይገጥም ይችላል፤ ዲቴክተሩ ግን ምንም አልሆነም። በየሰዓቱ ያለ ምክንያት ቀይ የሚያበራ ሥርዓት ሰውን ያደነዝዛል። ስለዚህ ጥሩ ፈተና መጻፍ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ከ2022 ጀምሮ የሲኤምኤስ የክሪስታል ካሎሪሜትር ቡድን አውቶኢንኮደር የሚባል የማሽን ትምህርት ዘዴ በቀጥታ ቁጥጥሩ ላይ አስገብቷል። ኮምፒውተሩ ጤናማ ካርታ ብቻ እያየ ይማራል። ከዚያ ያልለመደውን ነገር ሲያይ ይጠቁማል። ጠቃሚ ነው ብዬ አምናለሁ፣ በተለይ ማንም ቀድሞ ያላሰበውን ብልሽት ለመያዝ። ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት ግን አሁንም የሰው ሥራ ነው።

ሁለተኛው ቁጥጥር የሚመጣው ዳታው ተሰብስቦ፣ ክስተቶቹ በሙሉ ጥራት ከተገነቡ በኋላ ነው። እዚህ የየክፍሉ ባለሙያዎች ይፈርዳሉ፦ የፒክስል፣ የስትሪፕ፣ የክሪስታል፣ የሙዮን። በተጨማሪ ሙዮኑን፣ ኤሌክትሮኑን፣ ጀቱን (በአንድ አቅጣጫ የሚወረወረውን የቅንጣቶች ጎርፍ) እንደ ተጠናቀቀ ዕቃ የሚያዩ ቡድኖች አሉ። ዲቴክተሩ ደህና መስሎ የመጨረሻው ልኬት ሊዛባ ይችላልና ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የሁሉም ፍርድ ይሰበሰብና አንቺ ያወረድሽው ፋይል ይወጣል። የ2012ቱን ዳታ እንደገና የገነቡት በጥር 2013 ነበር። ዝርዝሩም የወጣው ለዚያ ግንባታ ስለሆነ ከሌላ ግንባታ ጋር አታደባልቂው።

በሰርን ባለው ሌላ ትልቅ ዲቴክተር፣ በአትላስ በኩልም ሥርዓቱ ይመሳሰላል፤ ፍርዱ የሚሰጠው ግን አንድ ደቂቃ ገደማ በሆነ ቁራጭ ነው። ሙሉ ግንባታው ከመጀመሩ በፊት ካሊብሬሽኑን (የመለኪያውን ልክ) የሚያስተካክሉበት የ48 ሰዓት ፋታ አላቸው። ከ2015 እስከ 2018 በ13 ቴራ ኤሌክትሮንቮልት ከሰበሰቡት ዳታ ለፊዚክስ የበቃው 95.6 በመቶ ነው። ይህ ቁጥር ያስደንቀኛል። እነሱ ላይ አንድ የምወደው ብልሃት አለ። የፈሳሽ አርጎን ካሎሪሜትራቸው አልፎ አልፎ ለማይክሮ ሰከንዶች ብቻ የሚቆይ ረብሻ ያሰማል። ለዚያች ቅጽበት ደቂቃውን በሙሉ ከመጣል፣ የረብሻውን ሰዓት ለይተው ትንሽ የጊዜ መስኮት ብቻ ይቆርጣሉ።

አሁን «ለምን እጥላለሁ?» ወዳልሽው። ዋናው ምክንያት አካፋዩ ነው። አንድ ገበሬ በጥማድ ስንት ኩንታል ጤፍ እንዳገኘ ማወቅ ቢፈልግ፣ ምርቱን ከየትኞቹ ጥማዶች እንደሰበሰበ ማወቅ አለበት። ከስምንት ጥማድ የሰበሰበውን ለአሥር ቢያካፍል መሬቱን ያለ ስሙ ስም ሰጠው። በእኛ ሥራ ጥማዱ ሉሚኖሲቲ ነው፤ ምን ያህል የግጭት ዕድል እንደነበረ የሚለካ መጠን። አንቺ የምትጠቀሚባቸው የ2012 ቢ እና ሲ ክፍሎች 11.5 ኢንቨርስ ፌምቶባርን (የሉሚኖሲቲ መስፈሪያ) ገደማ ይሆናሉ። ይህ ቁጥር የተሰላው በዝርዝሩ ውስጥ ላሉት ሉሚሴክሽኖች ነው። ከዝርዝሩ ውጪ ያሉ ክስተቶችን ጨምረሽ በዚሁ ቁጥር ብታካፍይ ውጤትሽ ይዛባል። በስንት እንደተዛባም ማወቂያ አይኖርሽም። ግማሹ ዲቴክተር ከጠፋበት ሰዓት የመጣ ክስተት ግማሽ ይቆጠራል እንዳትይ፣ ሲሙሌሽንሽ ያንን ሁኔታ አያውቀውም።

ሌላው ምክንያት ለእኔ ከዚህም ይበልጣል። የሚጣለውን የሚወስነው ሰው የአንቺን ግራፍ አይቶ አይደለም። ሂስቶግራሞቹ የዲቴክተር ናቸው፤ ቮልቴጅ፣ የምልክት ብዛት፣ የሰዓት ልክ። የአዲስ ቅንጣት ፍለጋ ውጤት እዚያ ውስጥ የለም። አንድ ተመራማሪ ግራፉ ላይ ያልወደደውን ጉብታ አይቶ «ይህ ራን ችግር ያለበት ይመስለኛል» ብሎ ቢጥል፣ ሳያውቀው ውጤቱን በገዛ እጁ ቀርጾታል። ጉብታውን ወዶ መጥፎ ራን ቢያስቀርም ያው ነው። ዝርዝሩ ቀድሞ፣ በሌላ ሰው፣ ለሁሉም አንድ ሆኖ መውጣቱ ከዚህ ይጠብቀናል። አንቺም ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱን ራን ለማውጣት ካሰብሽ፣ ምክንያትሽ ከዲቴክተሩ መምጣት አለበት።

ሁሉም ብልሽት ግን ወደ መጣል አይወስድም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሙያው ፍሬ ያለው እዚህ ነው።

ሰኔ 30 ቀን 2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲኤምኤስ ላይ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ፣ በአንደኛው ጫፍ ካለው የሃድሮን ካሎሪሜትር (እንደ ፕሮቶን ያሉ ቅንጣቶችን ኢነርጂ ከሚለካው) ሁለት ክፍሎች አልተነሡም። ከዙሪያው 40 ዲግሪ የሚሆን ቦታ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ዳነ ሳይባል ቀረ። የዚያ ዓመት ዳታ ከግማሽ በላይ የተሰበሰበው ከዚያ በኋላ ነው። እንጣለው ማለት አይቻልም ነበር። እንዳለ መጠቀምም አይቻልም። ወደዚያ አቅጣጫ የሄደ ጀት ኢነርጂው በከፊል አይለካም። ሲደመር አንድ ጎን ጎድሎ ይታያል። ጥቁር ቁስ የሚፈልጉ ሰዎች ደግሞ የሚፈልጉት ምልክት በትክክል ይህ ነው፤ አንድ ጎን የጎደለ ኢነርጂ። ስለዚህ ዳታው ጸደቀ፣ ግን ምልክት ተደርጎበት። የጎደለ ኢነርጂ የሚጠቀሙ ጥናቶች ወደዚያ ቦታ ጀት የሄደባቸውን ክስተቶች እንዲያወጡ፣ ሲሙሌሽናቸውንም በዚያው እንዲያስተካክሉ ተደረገ። ሙዮን ብቻ ለሚቆጥር ሰው ግን ያ ዳታ ደህና ነው። ለዚህም ነው ሲኤምኤስ ሁሉም ክፍል የጸደቀበትን ዝርዝርና ሙዮን ብቻ ለሚፈልጉ የሚበቃውን ዝርዝር ለይቶ የሚያወጣው። የሙዮኑ ትንሽ ሰፋ ይላል። ጥሩ ዳታ የሚባለው ሁልጊዜ ለአንድ ሥራ ጥሩ የሆነ ነው።

ሌላው ታሪክ ይበልጥ ያሳስባል። ክሪስታሎቹ በጨረር ብዛት ቀስ በቀስ ግልጽነታቸውን ያጣሉ። ይህ የታወቀ ነው፤ በሌዘር እየተለካ ይታረማል። በ2016 እና በ2017 ግን ከዚሁ ጋር የምልክቱ ሰዓትም ትንሽ በትንሽ ሸሸ። በተለይ ወደ ጨረሩ በተጠጉት የጫፍ ክሪስታሎች ላይ። ያ መሸሽ ወደ ትሪገሩ በአግባቡ አልተላለፈም። በዚያን ጊዜ ጥቅሎቹ የሚተላለፉት በየ25 ናኖ ሰከንዱ ነበር። ስለዚህ ትሪገሩ አንዳንዱን ምልክት ከአንድ ግጭት በፊት እንደመጣ ቆጠረው። ትሪገሩ ደግሞ ሁለት ተከታታይ ግጭቶችን እንዲመርጥ አይፈቀድለትም። የቀደመውን ባዶ ግጭት መረጠ፣ እውነተኛው ክስተት ተከልክሎ ጠፋ።

የጥራት ተቆጣጣሪው ሂስቶግራሞች ላይ ይህ ብዙም አይታይም። የጠፋው ክስተት አልተመዘገበማ! ተረኛው የሚያየው የተመዘገበውን ነው። ችግሩ በደንብ የታወቀው በ2018 ነው። መጠኑን የለኩት በብልሃት ነው። ከሦስት ግጭት በፊት ሌላ ክስተት ተመርጦ ከነበረ፣ በሕጉ መሠረት ከእኛ ክስተት በፊት ያለው ቦታ የተዘጋ ነው። ትሪገሩ ተሳስቶ ቀድሞ ሊመርጥ አይችልም። እነዚያን ክስተቶች ብቻ ሰብስበው ስንቱ ለመጥፋት የተጋለጠ እንደነበር ቆጠሩ። ከዚያ እያንዳንዱ ጥናት የሚጠቀምበት ማስተካከያ ወጣ። ዝርዝር ውስጥ የገባ ዳታ እንከን የለሽ ነው ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ትረጃለሽ። ዝርዝሩ የሚነግርሽ በዚያን ጊዜ የታወቀ ከባድ ችግር እንዳልነበረበት ነው።

ሰዓት ካነሣን የኦፔራ ሙከራ አለ። በመስከረም 2011 ከሰርን ተነሥተው ጣሊያን ግራን ሳሶ ድረስ 730 ኪሎ ሜትር የተጓዙ ኒውትሪኖዎች (ከቁስ ጋር እምብዛም የማይነካኩ ቅንጣቶች) ከብርሃን 60 ናኖ ሰከንድ ገደማ ቀድመው ደረሱ ተባለ። በ2012 ዋናው ምክንያት ተገኘ፤ በደንብ ያልገባ የፋይበር ኦፕቲክ ገመድ ነበር። የስታቲስቲክስ ሥራቸው ጠንካራ ነበር። ክስተት መጨመር ግን ያልጠበቀ ገመድ አያጠብቅም። ብዙ ዳታ የሚያጠፋው የዕድል መዋዠቅን ነው፤ የዲቴክተር ስህተትን አያጠፋም። ውጤቱን በይፋ ከገለጹ በኋላም ስህተቱን ፈልገው ማግኘታቸውን ግን አከብርላቸዋለሁ።

አንቺ አሁን ምን ታደርጊያለሽ? በመጀመሪያ የፋይልሽን መግለጫ አንብቢ። ለትምህርት ተብለው የተቀነሱ አንዳንድ ፋይሎች ዝርዝሩ አስቀድሞ ተጠቅሞባቸው ሊሆን ይችላል። ከሆነ ዝርዝሩን ስትጨምሪ ምንም ክስተት አይቀንስም። ከዚያ በየሉሚሴክሽኑ የሉሚኖሲቲ መጠን የያዘውን ፋይል አውርጂ። ከ81 እስከ 101 ጊጋ ኤሌክትሮንቮልት ያሉትን የሙዮን ጥንዶች ለእያንዳንዱ ራን ቁጠሪና ለራኑ ሉሚኖሲቲ አካፍይ። በራን ቁጥር ቅደም ተከተል ግራፉን ሥሪው። ከዝርዝሩ ውስጥ ያሉት አንድ ጠፍጣፋ መስመር አካባቢ መቀመጥ አለባቸው፤ አጫጭሮቹ ራኖች ላይ ብቻ መዋዠቁ ይሰፋል።

ከዝርዝሩ ውጪ ያሉትን በሌላ ቀለም ጨምሪበት። የትኞቹ ወደ ታች እንደወረዱ ታያለሽ። ከወረዱት አንዱን ምረጪና የሙዮኖቹን አቅጣጫ በሁለት ልኬት ካርታ ሥሪ፤ በአንዱ ዘንግ ኢታ (ከጨረሩ አንጻር ያለው ዝንባሌ)፣ በሌላው ፋይ (በጨረሩ ዙሪያ ያለው ማዕዘን)። የጠፋው ክፍል ጠርዙ ቀጥ ብሎ ይታይ ይሆናል። አንዳንዱ ግን ምንም ሳይወርድ፣ ካርታውም ሙሉ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ያኔ ራኑን በሙዮን ብቻ የተረጋገጠው ዝርዝር ውስጥ ፈልጊው። እዚያ ከተገኘ የተጣለው በሌላ ክፍል ምክንያት ነው፤ ለአንቺ ሥራም ሰፊውን ዝርዝር መጠቀም ትችያለሽ። በዚያ ጊዜ ሉሚኖሲቲውንም ለዚያው ዝርዝር እንደገና አስልተሽ ተጠቀሚ።